በወንዝ ነፍሳት ቆጠራ ስለ ማስተማር፦ «ሚኒሳስ» በሲሪንቃ ጅረቶች ሲመዘን

ተማሪዎች ወደ ወንዝ ወርደው፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት በወንፊት አውጥተውና ለይተው የውኃውን ጤንነት እንዲመረምሩ የሚያደርገው የማስተማር ዘዴ በዓለም ከተሠራበት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በአፍሪቃ የዚህ ዘዴ ዋና ወኪል በደቡብ አፍሪቃ የተዘጋጀውና «ሚኒሳስ» በመባል የሚታወቀው መለኪያ ነው። መለኪያው ኬሚካልም፣ ማይክሮስኮፕም፣ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም፤ አንድ ወንፊት፣ አንድ ነጭ ሳህንና አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይበቁታል። በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት ብዙ የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን ባጡበት አካባቢ ይህን የመሰለ ዘዴ የመምህሩንም የፕላን አውጪውንም ልብ ቢስብ የሚያስደንቅ አይሆንም። የሚቀረው ጥያቄ ዘዴው ለተሠራበት አገር ወንዝ የሚናገረውን እውነት ለሌላ አገር ወንዝም ይናገራል ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር ሲሪንቃን የመሰለ ቦታ ይመቻል። ሲሪንቃ በሀብሩ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስሟ በይበልጥ የሚነሣው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። በስተ ምዕራቧ ገደላማው የወሎ ተራራ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቋ ምድሩ እየዘቀዘቀ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ጅረቶቹም ይህንኑ ቁልቁለት ተከትለው ይፈስሳሉ። ከብቱ የሚጠጣው፣ ልብሱ የሚታጠበው፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመስኖ የሚለማው ከእነዚሁ ጅረቶች ነው። ስለ ወንዝ ጤንነት የሚሰጥ ትምህርት እንዲህ ባለ ቦታ ጌጥ ሊሆን አይችልም። ልጆች ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ፍርድ እናት እንስራዋን ወዴት ይዛ እንደምትወርድ ሊወስን ይችላልና።

ዘዴው የቆመበት ሐሳብ ግልጽ ነው። በተለምዶ ሜይፍላይ የሚባለው ነፍሳት እጭ፣ ጅራቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክር የሆነው፣ በሆዱ ጎንና ጎን በተደረደሩ ስስ ስንጥቦች ይተነፍሳል። ውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን ሲያንስ፣ ወይም ደለል ስንጥቡን ሲደፍነው፣ አብዛኛው የዚህ ወገን ይጠፋል። በአንጻሩ ከጭቃ ውስጥ የሚገኘው ቀዩ የትንኝ መሰል እጭ የሰውን ደም የሚያቀላው ዓይነት ኦክሲጅን ያዥ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ፍሳሽ ባቆሸሸው ውኃ ውስጥም ተመችቶት ይኖራል። ስለዚህ የትኛው ወገን እንዳለና የትኛው እንደ ጠፋ ማወቅ ስለ ውኃው ይናገራል። ከዚህም በላይ ነፍሳቱ በውኃ ውስጥ ሳምንታትና ወራት ስለሚኖሩ ያለፈውን ጊዜ ታሪክ ይይዛሉ። ትናንት ሌሊት የተለቀቀ መርዝ ዛሬ ጠዋት በጠርሙስ ከተቀዳ ውኃ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ የሞቱት እጮች ቦታ ግን ባዶ ሆኖ ይቆያል። አንድን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን እንዲረዳ ማድረግ ከብዙ ገጽ የመማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል።

ልጆችን ለዚህ ሥራ ማሰማራት በደቡብ አፍሪቃ አልተጀመረም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ የትምህርት አማካሪ ድርጅትና «ሰንደይ ታይምስ» የተባለው ጋዜጣ በመተባበር በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን በየአካባቢያቸው ወንዝ አሰማርተው ነበር። ሥራው ቆይቶ በሪቻርድ ማቤይ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1974 በመጽሐፍ ቀርቧል። የእንግሊዙ ዘመቻ ብልኀት ጥቂት አመልካች ነፍሳትን ብቻ መርጦ መያዙ ነበር። ሚኒሳስም የወረሰው ይህንኑ ነው። የወጣው የደቡብ አፍሪቃ ባለሙያዎች ከሚሠሩበት «ሳስ» ከተባለው ሰፊ መለኪያ ሲሆን፣ ግራሃም፣ ዲከንስና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብና ለትምህርት ቤት እንዲመች አድርገው አሳጥረው አቅርበውታል። በሰፊው መለኪያ ያሉትን እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ወደ 13 ጭፍራዎች አጥፎ፣ ለእያንዳንዱ ጭፍራ ነጥብ ሰጥቷል። ትል 2፣ አልቅት 2፣ የዝንብና የትንኝ እጭ 2፣ ጠፍጣፋ ትል 3፣ ቀንድ አውጣ 4፣ የውኃ ጥንዚዛና ትኋን መሰሎቹ 5፣ ሸርጣን 6፣ ከአሸዋና ከጭራሮ ቤት የምትሠራው ካዲስፍላይ 9፣ ስቶንፍላይ ደግሞ 17 ነጥብ ያገኛሉ። ሜይፍላይ በሁለት ተከፍሎ፣ ለቻይዋ ወገን 5፣ ለሌሎቹ 11 ይሰጣል። የተገኙት ነጥቦች ተደምረው ለጭፍራዎቹ ብዛት ይካፈላሉ፤ አማካዩም ወንዙን ከአምስት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያስቀምጠዋል።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚመሰገን ነው። አሳጥሮ ማቅረብ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሊቃውንት ለልጆች ሲጽፉ ወይ ሁሉን ይጭናሉ፣ ወይ ሁሉን ያራቁታሉ። ሚኒሳስ ግን ስሌቱን አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እንዲሠራው አድርጎ ለክቶታል። ነቀፌታው የሚነሣው ስሌቱ ራሱ ምን እንደሚያስተምር ሲታይ ነው።

አንድ የክፍል ቡድን ስምንት ጭፍራ አገኘ ይባል፦ ሁለቱም ዓይነት ሜይፍላይ፣ ካዲስፍላይ፣ ሸርጣን፣ ጥንዚዛ፣ ቀንድ አውጣ፣ የዝንብ እጭና ትል። ድምሩ 44፣ አማካዩ 5.5 ይሆናል። በአጠገቡ የሚሠራው ሌላ ቡድን ችኩል ነው፤ ጭቃው ውስጥ የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ትሎችና የዝንብ እጮች ሳያይ አለፋቸው። የእርሱ ድምር 40፣ ጭፍራው ስድስት፣ አማካዩም 6.7 ገደማ ነው። በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ሰዓት፣ ዓይኑን የጨፈነው ቡድን ዓይኑን ከከፈተው ይልቅ የተሻለ ወንዝ አገኘ ማለት ነው። ባለሙያ ይህን ያውቃል፤ ናሙናውንም ደጋግሞ ያስተካክለዋል። ልጅ ግን የሚማረው ሌላ ነገር ነው፤ ትጋት ነጥብ እንደሚያስቀንስ ነው። በዚህ ላይ መለኪያው መኖርን እንጂ ብዛትን አይጠይቅም። አንድ ሸርጣን ቢገኝም መቶ ቢገኝም ያው 6 ነው። ቆጠራ ተብሎ የተጀመረው ሥራ ቆጠራ የሌለበት ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉም የከፋው የስቶንፍላይ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ትጉ ቡድን አንድ ስቶንፍላይ ቢጨምር ድምሩ 61፣ አማካዩ 6.8 ገደማ ይሆናል፤ በአንዲት እጭ ወንዙ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ይህ በደቡብ አፍሪቃ ምክንያት አለው፤ የአህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ የራሱ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳድ የስቶንፍላይ ቤተሰብ አለውና። በሐሩር ክልል አፍሪቃ ግን ኒዮፐርላ ከተባለው ወገን በቀር ስቶንፍላይ እምብዛም የለም። ኢትዮጵያም የምትመደበው ከዚሁ ነው። እንግዲህ የሲሪንቃ ተማሪ ከፍተኛውን ነጥብ የሚያስገኘውን ነፍሳት ፈልጎ ሲያጣ፣ ሠንጠረዡ «ወንዝህ ታሟል» ይለዋል። የጠፋው ግን በብክለት ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ በተፈጥሮው በዚያ አገር ጥቂት በመሆኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፈተናው የተዘጋጀው ተማሪው ባልተማረው መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከውኃው ጠባይ ይመነጫል። ሰፊው የ«ሳስ» መለኪያ የተሠራው ለሚፈስሱ ወንዞች፣ ውኃቸውም ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ለሆነበት ጊዜ መሆኑን አዘጋጆቹ ራሳቸው ጽፈዋል፤ በዚህ ረገድ ሊወቀሱ አይገባም። ወቀሳው የሚወድቀው ማስጠንቀቂያውን ትቶ ሠንጠረዡን ብቻ በሚያባዛው ላይ ነው። በሀብሩ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግና በክረምት። ተዳፋቱ ላይ የወረደው ዝናብ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደራሽ ውኃ ሆኖ ድንጋዩን ያገላብጣል፤ ከድንጋዩ ጋር የድንጋዩን ነዋሪዎች ጠርጎ ይወስዳል። በበጋው ማብቂያ ደግሞ ብዙ ትናንሽ ጅረቶች ተቆራርጠው ኩሬ ኩሬ ይሆናሉ። ከጎርፍ በኋላ ፈጥነው የሚመለሱት ቻይዋ ሜይፍላይና ጥቁር የዝንብ እጮች ናቸው፤ ካዲስፍላይና ሌሎቹ ጊዜ ይወስዳሉ። ከጎርፍ ሁለት ሳምንት በኋላ የወረደ ክፍል ቻይዋን ሜይፍላይ፣ ጥንዚዛ፣ የዝንብ እጭ፣ ቀንድ አውጣና ትል ቢያገኝ ድምሩ 18፣ አማካዩ 3.6 ነው። ይህ ከአምስቱ የመጨረሻው ደረጃ ነው። አንድ ትልቅ ከተማ ፍሳሹን የደፋበት ወንዝ የሚያገኘውን ፍርድ፣ ዝናብ ብቻ የመታው ጅረት ያገኛል።

እርግጥ በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጎርፉ ራሱ የተራራው መራቆት ውጤት ነው፤ ደለሉም እንዲሁ፤ ስለዚህ ዝቅተኛው ነጥብ የምድሩን መጎዳት በትክክል ያሳያል የሚል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ወሎ የአፈር መሸርሸርን ታሪክ ከመጽሐፍ መማር የማያስፈልገው ምድር ነው፤ የ1977 ዓ.ም. ድርቅም ከሕዝቡ መታሰቢያ አልጠፋም። ነገር ግን የጎርፍን ጉዳት፣ የደለልን ጉዳት፣ የፍሳሽን ጉዳትና የጸረ ተባይ መድኃኒትን ጉዳት አንድ ላይ ጨፍልቆ «3.6» የሚል ቁጥር ለተማሪው መስጠት መልሱን ሰጥቶ ጥያቄውን መንጠቅ ነው። ከሽንኩርት ማሳ የታጠበ የተባይ መድኃኒት ሜይፍላይን ሲገድል ቀንድ አውጣና ትሉን ሊተዋቸው ይችላል፤ ደለል ደግሞ ከድንጋይ ሥር የሚጠለለውን ሁሉ ቤት ያሳጣዋል። አንዱን ከሌላው የሚለየው የጠፉትና የቀሩት ዝርዝር ነው። አማካዩ ግን ይህንኑ ዝርዝር ውጦ ያስቀረዋል።

ሦስተኛው ነገር ከጉድለትም አልፎ አደጋ ነው። ደረጃ ሰጪው ሠንጠረዥ ስለ «ጤናማ» ወንዝ ይናገራል። በአማርኛ «ጤናማ ውኃ» ወይም «ንጹሕ ውኃ» ሲባል የሚሰማው ሰው ሊጠጣ የሚችል ውኃ ብሎ ይረዳል። ነፍሳቱ ግን ስለዚህ ምንም አያውቁም። ኦክሲጅን የሞላው፣ እየዘለለ የሚወርድ፣ ሜይፍላይ የበዛበት ጅረት ከላይ ከብት ከዋለበትና ሰው ከተጸዳዳበት የተቅማጥን ተዋሕስያን ይዞ ይወርዳል፤ ሜይፍላይዋም አትሞትም። ልጁ ከክፍል ወጥቶ «ወንዛችን አንደኛ ደረጃ አገኘ» ብሎ ለቤተሰቡ ቢናገር፣ እናቱም የቧንቧውን ወረፋ ትታ ወደ ጅረቱ ብትወርድ፣ ትምህርቱ ከመማር በፊት ከነበረው ሁኔታ የባሰ ነገር አደረሰ ማለት ነው። ይህ ነጥብ በመምህሩ መምሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ መስፈር ያለበት ሲሆን፣ የደረጃዎቹ ስሞችም «ንጹሕ» ወይም «ጤናማ» ከማለት ይልቅ ስለ ነዋሪዎቹ ብቻ የሚናገሩ ሆነው መተርጎም ይገባቸዋል፤ «ብዙ ወገን የሚኖርበት»፣ «ጥቂት ወገን የቀረበት» እንደ ማለት።

በተመሳሳይ የልጆቹ ደኅንነት ችላ ሊባል አይገባውም። ዝግ ባለው የወንዝ ዳር የሚገኙ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያን ትል ያሳድጋሉ፤ ትሉም ውኃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ አልፎ ይገባል። የአንጀት ቢልሃርዝያ በወሎ የታወቀ በሽታ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ትል በብዛት የሚገኘው በቀትር አካባቢ ሲሆን፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ወደ ውጭ ለማውጣት የሚመቻቸውም ያው ሰዓት ነው። ባዶ እግራቸውን ውኃ ውስጥ የሚቆሙ ሠላሳ ልጆች ለትምህርት ሲባል መጋለጥ የለባቸውም። ረጅም እንጨት የታሰረበት ወንፊት ከዳር ሆኖ ይሠራል፤ ውኃ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ ቦቲ ጫማ ያደረገ አንድ ሰው ይበቃል።

ስለ ቀንድ አውጣ ሲነሣ፣ የወንዝን ነዋሪ አይቶ ማሰብ በኢትዮጵያ ምን ያህል ርቀት እንዳደረሰ መታሰብ ይኖርበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዝያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። ለዓለም የታወቀው የእንዶድ ምርምር የተነሣው ከዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። በዚያ ወንዝ ዳር ነጥብ አልተሰጠም፤ አማካይም አልተሰላም። የተደረገው ከአጠባው ቦታ በላይ ያለውንና በታች ያለውን ማነጻጸር፣ ከዚያም «በመካከላቸው ምን ተፈጠረ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ሥራ ከአንድ የሲሪንቃ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጅረት፣ ከመስኖው ጠለፋ በላይና ማሳው ከሚመልሰው ውኃ በታች፣ ወይም ከድልድዩ በላይና በታች ናሙና ቢወሰድ፣ ጎርፉም ድርቁም ስቶንፍላይ ማጣቱም ሁለቱን ቦታ እኩል ስለሚነካ ፍርዱን አያዛባም። የቀረው ልዩነት የሚመረመረው ልዩነት ነው። ሚኒሳስም ተጠቃሚዎቹን እንዲህ እንዳያነጻጽሩ አይከለክልም፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ወደ ደረጃው ሠንጠረዥ ስለሚመራ፣ ዋናው ነገር ጓሮ ገብቶ ይቀራል።

ስለ ስሞቹም ጥቂት ማለት ይገባል። ከ13ቱ ጭፍራዎች ለገሚሱ ያህል በአማርኛ የታወቀ መጠሪያ የለም፤ በዚህ ጽሑፍም የባዕድ ስማቸው እንዳለ የተወሰደው ስለዚሁ ነው። ይህ ለትርጉም ሠሪው ችግር ቢሆንም ለመምህሩ ዕድል ነው። ተማሪዎቹ «ጅራተ ሦስት»፣ «ቤት ሠሪ» እያሉ ካዩት ነገር ስም ቢያወጡ፣ የተሰጣቸውን ቃል ከሚሸመድዱ ይልቅ አካሉን አጥብቀው ይመለከታሉ። ደግሞም ሁሉም እንግዳ አይደለም። በውኃ ላይ የምትሽከረከረዋን ጥንዚዛ «የውኃ እናት» ብሎ የማያውቅ የገጠር ልጅ ጥቂት ነው። ጡታቸው ቶሎ እንዲያጎጠጉጥ ልጃገረዶች ያችን ጥንዚዛ የሚያስነክሱበት ልማድም በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪቃ አገሮች ተመዝግቧል። በሰባተኛ ክፍል ሳቅ የሚያስነሣ ጉዳይ ስለሆነ መምህሩ ሊሸሸው ይችላል፤ ባይሸሸው ግን ልጆቹ ስለ ወንዛቸው ከሠንጠረዡ የሚበልጥ እውቀት ይዘው እንደ መጡ ያያል። በተለይ ውኃ የሚቀዱትና ልብስ የሚያጥቡት ልጃገረዶች ከክፍሉ ሁሉ በላይ ጅረቱን ያውቁታል፤ ጸሐፊነቱ ለወንዶቹ፣ ወንፊት ማጠቡ ለሴቶቹ የሚሰጥበት የቡድን አከፋፈል ግን ይህንን ያባክነዋል።

ለኢትዮጵያ ወንዝ የሚሆን መሠረት ጭራሽ የለም ማለት አይቻልም። ሃሪሰንና ሃይንስ የተባሉ የሥነ ውኃ ሊቃውንት በኢትዮጵያ ተራራማ ወንዞች ስለሚገኙ የወለል ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ1988 ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ በዓመቱም ከተስፋዬ በርሄ ጋር ሆነው አዲስ አበባን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ወንዝ ከተማውን ሲያልፍ እንዴት እየተበላሸ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ አሸናፊው ሥራ የአስቻለው ላቀውና የኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ገደማ ለኢትዮጵያ የራሷ የሆነ፣ «ኢትባዮስ» የተባለ የነጥብ ሥርዓት አቅርበዋል። ይህም ቢሆን የተመሠረተው በማዕከላዊና በደቡብ ምሥራቅ ደጋ ወንዞች ላይ በመሆኑ ለምሥራቁ የወሎ ተዳፋት እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ለትምህርት ቤት ካርድ መነሻ ለመሆን ግን ከሚኒሳስ የተሻለ ነው። በሀብሩ ጅረቶች ደህና ከሚባሉት ቦታዎች የትኞቹ ወገኖች በየትኛው ወር እንደሚገኙ ዝርዝር አውጥቶ ወደ ስድስትና ሰባት ጭፍራ ማጠፍ ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ክፍልና ለሲሪንቃው ምርምር ማዕከል ከባድ ሥራ አይሆንም።

ፕላን አውጪው ሊወስነው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ጊዜው ነው። የክረምቱ ውኃ ከረጋ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ያለው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ከትምህርት ዓመቱም ጋር ይስማማል፤ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ምዕራፎች ቅደም ተከተል ለዚህ ሲባል ቢለወጥ የሚጎዳ ነገር የለም። ሁለተኛው መዝገብ ነው። የአንድ ዓመት ክፍል ያገኘው ዝርዝር ከነቦታው ለተከታዩ ክፍል ካልተላለፈ፣ በየዓመቱ አዲስ ጉብኝት ይደረጋል እንጂ ጥናት አይደረግም። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር በርእሰ መምህሩ ቢሮ ቢቀመጥ፣ በየገጹም ቀኑ፣ የመጨረሻው ጎርፍ የወረደበት ቀን፣ ከላይና ከታች የተገኙት ወገኖች ከነብዛታቸው፣ የጠፋም ካለ የጠፋው ቢጻፍ በቂ ነው። ናሙናው የተወሰደበት ቦታ በድልድይ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ አለዚያም በትልቅ ሾላ ይመልከት፤ በድንጋይ ምልክት የተደረገ እንደ ሆነ፣ የሚቀጥለው ክረምት ድንጋዩን ወስዶት ይገኛል።